ባቡሩ ያልፋል፣ ጣቢያው ግን ዝግ ነው፦ የምሥራቁ መስመር ከተሞች ጥያቄና የአንዲት ስኮትላንዳዊት መንደር ልምድ

በምሥራቁ የአገራችን ክፍል ከሚገኙ ከተሞች ብዙዎቹ የሐዲድ ልጆች ናቸው። ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ አዲስ አበባ የገባው የቀድሞው የምድር ባቡር መስመር 784 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ነበረው። ሥራው እ.አ.አ. በ1897 ከጅቡቲ በኩል ተጀምሮ በ1902 መጨረሻ ከሐረር ተራሮች ግርጌ ደረሰ። ሐረር ይገባል ተብሎ የታሰበው ሐዲድ ዳገቱ ከብዶት ከተራራው ሥር ሲቀር በዚያው ስፍራ ድሬዳዋ ተቆረቆረች። መስመሩ አዲስ አበባ የደረሰው ከዚያ በኋላ በ1917 ነው። በእንፋሎት ይንቀሳቀስ የነበረው ሞተር በየተወሰነው ርቀት ውኃ መቅዳት ነበረበት፤ ውኃ የሚቀዳበት ስፍራ ጣቢያ ሆነ፤ በጣቢያው ዙሪያ ሱቅ፣ ሻይ ቤትና ገበያ ተተከለ። “ለገሃር” እና “ሸሚንደፈር” የሚሉት ከፈረንሳይኛ የመጡ ቃላት ዛሬም ከአፋችን አልጠፉም። ባቡሩ ግን ከብዙዎቹ ጣቢያዎች ከቀረ ቆይቷል።

የቀረበት ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። ሐዲዱና ድልድዩ አረጀ፣ የመለዋወጫ ዕቃ ጠፋ፣ የከባድ መኪና ጭነት እየበረታ ሄደ። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተጀመረው የጥገና ሥራም የታሰበለትን ውጤት ሳያስገኝ ቀረ። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል የነበረው ምልልስ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ተቋረጠ፤ ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ ያለው ክፍል እየተንገታገተም ቢሆን ከዚያ በኋላ ጥቂት ቆይቷል። ባቡር የቀረባት ትንሽ ከተማ ምን እንደሚሆንባት ለማወቅ ብዙ ጥናት አያስፈልግም። ባቡሩ ሲመጣ በመስኮት በኩል ፍራፍሬ፣ እንቁላልና ወተት ትሸጥ የነበረች ሴት ገበያዋ በአንድ ጊዜ ይዘጋል። ዋናው አስፋልት ከከተማዋ ራቅ ብሎ የሚያልፍ ከሆነ ደግሞ ከተማዋ ራሷ ቀስ በቀስ ወደ መንገዱ ትሰደዳለች፤ የጣቢያው ሰፈር ባዶውን ይቀራል።

ከዚያ በኋላ አዲሱ መስመር መጣ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በኩል የተመረቀውና ከ2010 ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ መደበኛ አገልግሎት የሚሰጠው የኤሌክትሪክ ባቡር 750 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ሐዲዱ ከቀድሞው የሰፋ ነው፤ የቀድሞው በሁለቱ ብረቶች መካከል 1 ሜትር ሲሆን የአሁኑ 1 ሜትር ከ43 ሳንቲ ሜትር ተኩል ነው። ስለዚህ የአንዱ ባቡር በሌላው ላይ ሊሄድ አይችልም። መተሐራ፣ አዋሽ፣ ሚኤሶ፣ አፍደም፣ አዲጋላ፣ አይሻ የሚባሉት ስሞች በቀድሞው መስመር እንደነበሩ ሁሉ በአዲሱም አሉ። ነገር ግን ስም መኖሩና ባቡር መቆሙ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። አዲሱ መስመር በቅድሚያ የታሰበው ለወደብ ጭነት ነው፤ ረጅም ርቀት በፍጥነት እንዲያልፍ ተሠርቷል። የድሬዳዋና የአዳማ ጣቢያዎች እንኳ ከከተማው ወጣ ብለው የተሠሩ በመሆናቸው ተሳፋሪው ከባቡሩ ወርዶ ሌላ መኪና መሳፈር ግድ ይሆንበታል። የቀድሞዎቹ ጣቢያዎች ግን በከተማው እምብርት ላይ ነበሩ።

በዚህ ላይ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። ሐዲዱ በሚያልፍበት አርብቶ አደር አካባቢ ባቡሩ ግመልና ከብት ሲገጭ ቆይቷል፤ ከካሳ ጋር የተያያዘ ክርክርም አስነሥቷል። ይህ አርብቶ አደር ከመስመሩ የሚደርሰው ጉዳት በእጁ የሚቆጠር ነው። ጥቅሙን ለመቁጠር ግን ባቡሩ አንድ ቦታ መቆም አለበት። “ባቡሩ ይቁምልን፣ ጣቢያችን ይከፈት” የሚለው ጥያቄ የትዝታ ጥያቄ ብቻ ነው ብሎ ማለፍ የማይቻለው ስለዚህ ነው።

ጥያቄው ግን ብዙ ጊዜ ሦስት ነገሮችን አንድ ላይ ያጣምራል። አንዳንዱ የሚፈልገው የፈረሰው ሕንፃ እንዲታደስና ቅርስ ሆኖ እንዲጠበቅ ነው። ሌላው የቀድሞው ጠባብ ሐዲድ ተጠግኖ እንዲሠራ ይመኛል። ሦስተኛው በአዲሱ መስመር ላይ የመቆሚያ ፈቃድ ይሻል። ለሦስቱ የሚቀርብበት ቢሮ፣ የሚጠይቁት ገንዘብና የሚወስዱት ጊዜ ለየቅል ነው። በአንድ ማመልከቻ ተጠቅልለው ሲቀርቡ ደግሞ ማንኛውም ኃላፊ በጣም ውድ የሆነውን መርጦ “አይቻልም” ለማለት ይመቸዋል።

በሌላ አገር የተዘጋ ጣቢያቸውን ያስከፈቱ ሰዎች ምን አደረጉ? በዚህ ረገድ በሰፊው ከሚታወቁት ታሪኮች አንዱ በደቡብ ስኮትላንድ የተፈጸመው ነው። አካባቢው የበግ እርባታና የሱፍ ሥራ አገር ነው። ከኤድንብራ ተነሥቶ በጋላሺልስና በሆዊክ ከተሞች አድርጎ እስከ ካርላይል የሚወርደው መስመር 158 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት በ1960ዎቹ (እ.አ.አ.) “ኪሳራ ያስከትላሉ” ያላቸውን በሺህ የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትር መስመሮች ሲዘጋ ይህም ተራው ደረሰ። ሆዊክ ውስጥ ማጅ ኤሊየት የተባለች የቤት እመቤት ከ11,000 በላይ ፊርማ አሰባስባ እስከ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ድረስ ወሰደች። አልተሳካም። የመጨረሻው ባቡር በጥር 1969 ሲያልፍ የሆዊክ ሰዎች ለትራንስፖርት ሚኒስትሩ የተላከ የሬሳ ሣጥን ጫኑበት። ኒውካስልተን በምትባለው መንደር ሕዝቡ የመንገድ ማቋረጫውን በር ዘግቶ በሌሊት ባቡሩን አስቆመው፤ የመንደሩ ቄስ ታሰሩ። በባቡሩ ተሳፍሮ የነበረው የአካባቢው የፓርላማ አባል ዴቪድ ስቲል ሽምግልና ገብቶ ቄሱ ሲፈቱ ሕዝቡ መንገዱን ለቀቀ። መስመሩም ተዘጋ፤ ሐዲዱም ተነቀለ።

ከዚህ በኋላ 30 ዓመት ዝም ተባለ ማለት ይቻላል። በ1999 ስኮትላንድ የራሷን ፓርላማ ስታገኝ የመስመሩን መመለስ የሚጠይቅ ማኅበር በዚያው ዓመት ተቋቋመ፤ ከ17,000 በላይ ፊርማ የያዘ አቤቱታም ለአዲሱ ፓርላማ ቀረበ። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማስተዋል ይገባል። በ1968 ከ11,000 በላይ ፊርማ ለንደን ደርሶ ምንም አላደረገም። ከ30 ዓመት በኋላ የተሰበሰበው ፊርማ በቁጥር እጅግ የበዛ አልነበረም። የተለወጠው የሚቀርብበት ቤት ነው፤ ውሳኔ ሰጪው ወደ ሕዝቡ ቀርቦ ነበር፤ ፓርላማው ደግሞ አዲስ ስለነበር ለሕዝብ ጥያቄ ጆሮ መስጠቱን ማሳየት ይፈልግ ነበር። በ2006 ለመስመሩ ሕግ ወጣለት። ባቡሩ ከኤድንብራ እስከ ትዊድባንክ አገልግሎት የጀመረው እ.አ.አ. መስከረም 6 ቀን 2015 ነው፤ የግንባታው ወጪ 294 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ነበር።

የዚህ ታሪክ ዋና ባለቤት ግን ስቶው የምትባል፣ በጥቂት መቶዎች የሚቆጠር ሕዝብ ያላት የገጠር መንደር ናት። ስቶው በ1848 ተከፍቶ በ1969 የተዘጋ ጣቢያ ነበራት። መስመሩ ተመልሶ ይሠራ ሲባል ሐዲዱ በመንደሯ መካከል እንደሚያልፍ የታወቀ ነበር፤ በመጀመሪያው ዕቅድ ላይ ግን የስቶው ጣቢያ አልነበረም። የዕቅዱ ሰዎች ስሌት ለመረዳት አያስቸግርም፦ የሕዝቡ ቁጥር ጥቂት ነው፤ እያንዳንዱ መቆሚያ ደግሞ ጉዞውን ያራዝማል። የመንደሩ ሰዎች የሕጉን ረቂቅ ይመረምር ለነበረው የፓርላማ ኮሚቴ ጉዳያቸውን አቀረቡ። ባቡሩ በደጃፋቸው እያለፈ፣ ጫጫታውንና የግንባታውን አቧራ እየተሸከሙ፣ መቆሚያ መከልከላቸው ፍትሐዊ እንዳልሆነ ተከራከሩ። ኮሚቴውም ተቀበላቸው፤ ስቶው በሕጉ ውስጥ ገባች።

ከተከፈተ በኋላ የሆነው ነገር የዕቅዱን ሰዎች ሳያሳፍር አልቀረም። በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት በስቶው 5,843 ጉዞ ይደረጋል ተብሎ ተገምቶ ነበር፤ የተቆጠረው 24,365 ሆነ። በመጨረሻው ጣቢያ በትዊድባንክ 18,978 ተገምቶ 183,918 ተመዘገበ። በአንጻሩ ለኤድንብራ ቅርብ ከሆኑት ጣቢያዎች አንዳንዶቹ ከግምቱ በታች ሆኑ። አስሊዎቹ የከተማውን ዳር ሰው አብዝተው፣ የገጠሩን ሰው አሳንሰው ገምተው ነበር። አማራጭ ብዙ ያለው የከተማ ዳር ነዋሪ በአውቶቡስም ይሄዳል፤ አማራጭ የሌለው የገጠር ሰው ግን ባቡሩን አጥብቆ ይይዛል። የእኛም አስሊዎች ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው።

የስኮትላንዱ ታሪክ ሁለት ጉድለቶችም አሉበት፤ እነርሱን ሳይናገሩ ማለፍ አንባቢን ማታለል ይሆናል። የመጀመሪያው፣ ብዙ የታገሉት ሆዊክና ኒውካስልተን እስካሁን ባቡር የላቸውም። ሐዲዱ ከእነርሱ በፊት ትዊድባንክ ላይ ቆሟል። ዕድሉን ያገኘችው በድምፅ ብዛት ያሸነፈችው ከተማ ሳትሆን በሚሠራው መስመር ላይ የተገኘችውና ሕጉ ሲረቀቅ የደረሰችው መንደር ናት። ሁለተኛው፣ ወጪ ለመቀነስ ሲባል መስመሩ በአብዛኛው ነጠላ ሐዲድ ሆኖ ተሠራ፤ ከ48 ኪሎ ሜትሩ ባቡሮች ሊተላለፉበት የሚችሉት ባለ ሁለት ሐዲድ ክፍል 15 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። አንዱ ባቡር ሲዘገይ ሌላውም ቆሞ ይጠብቀዋል። መስመሩም የተሠራው ለመንገደኛ በመሆኑ በግና ሱፍ ይጫንበት የነበረው ሐዲድ ለገበሬው ጭነት ሳይሆን ሰው ብቻ ነው የመለሰለት።

ወደ እኛው መስመር እንመለስ። አዲሱ ባቡር ከሰበታ እስከ አዳማ ድርብ፣ ከአዳማ በኋላ እስከ ጅቡቲ ነጠላ ሐዲድ ነው። በነጠላ ሐዲድ ላይ ባቡሮች የሚተላለፉት በየጣቢያው ባለው ተጨማሪ ሐዲድ ላይ ነው፤ አንዱ ወደ ጎን ወጥቶ ይቆማል፣ ሌላው ያልፋል። ይህ ለመቆሚያ ጠያቂዎች መጥፎ ዜናም መልካም ዜናም ነው። መጥፎው፣ የአንድ ባቡር መዘግየት በመስመሩ ሁሉ ላይ ይንከባለላል፤ አስተዳደሩም መቆሚያ ለመጨመር የሚያመነታበት ምክንያት ቧልት አይደለም። መልካሙ ደግሞ፣ ባቡር ሌላውን ለማሳለፍ በሚቆምበት ጣቢያ ላይ ተሳፋሪ ማውጣትና ማውረድ የሚያስከትለው ተጨማሪ ጊዜ ትንሽ ነው። ስለዚህ “በከተማችን ይቁም” ከማለት ይልቅ “ለመተላለፍ በሚቆምበት ሰዓት በሩ ይከፈትልን” ማለት ለመፈቀድ የቀለለ ጥያቄ ነው። የትኛው ባቡር የት እንደሚተላለፍ የጊዜ ሰሌዳውን የሚያወጣው ክፍል ያውቀዋል፤ መጠየቅ ነው።

የሚጠየቀውም ማን እንደሆነ ግልጽ ሊሆን ይገባል። መስመሩን የሚያስተዳድረው በኢትዮጵያና በጅቡቲ መንግሥታት ባለቤትነት የተያዘው የኢትዮ-ጅቡቲ ምድር ባቡር አክሲዮን ማኅበር ነው፤ የሚበዛው ድርሻ የኢትዮጵያ ነው። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ባቡሩን ያንቀሳቅሱ የነበሩት የግንባታው ባለቤት የሆኑት የቻይና ድርጅቶች ሲሆኑ፣ በ2016 ዓ.ም. ሥራው ሙሉ በሙሉ ወደ አክሲዮን ማኅበሩ ተሸጋግሯል። ለሕዝብ ጥያቄ ይህ ትንሽ ለውጥ አይደለም። ቀደም ሲል “በውሉ የለም” የሚል መልስ ይሰጥበት የነበረ ጉዳይ አሁን በራሳችን ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ነው። ስኮትላንዶቹ ውሳኔ ሰጪው ሲቀርባቸው ወዲያው እንደተነሡ አይተናል።

ጭነቱ ከመንገደኛው ይልቅ ይከብዳል፤ ይህን እንደ ግብርና ባለሙያም እላለሁ። በፈንታሌና በመተሐራ አካባቢ በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያመርተው ገበሬ ምርቱን የሚያወጣው በአይሱዙ ነው። አንድ አይሱዙ 50 ወይም 60 ኩንታል ይጭናል። አንድ የባቡር ፉርጎ ግን ከ600 ኩንታል በላይ ይይዛል። እንግዲህ አንድ ፉርጎ ለመሙላት አሥር አይሱዙ የሚሆን ምርት በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ መከማቸት አለበት። ለብቻው የሚሸጥ ገበሬ ይህን ሊያደርግ አይችልም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው እንደሚባለው፣ ፉርጎ የሚሞላው በመሠረታዊ ማኅበራትና በዩኒየን ነው። ማኅበር በሌለበት የተከፈተ የጭነት ጣቢያ ለደላላ ይከፈታል እንጂ ለገበሬ አይከፈትም፤ ያን ጊዜ ገበሬው ባቡሩን እያየ ምርቱን በደላላው ዋጋ ይሸጣል።

በምርቱ ዓይነትም መለየት ያስፈልጋል። ሽንኩርት ከተነቀለ በኋላ አንገቱ እስኪደርቅ በጥላ ከተዘረጋ ሳምንታትን መጠበቅ ይችላል፤ ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን የሚመጣ ፉርጎም ይጠቅመዋል። ቲማቲም ግን አይጠብቅም። ባቡሩ ማክሰኞ ይመጣል ተብሎ ረቡዕ ከሰዓት ከመጣ፣ በሣጥን የተደረደረው ቲማቲም ከሥር ጀምሮ ይፈሳል። የቲማቲም ገበሬ ከጣቢያው መከፈት በፊት መጠየቅ ያለበት የቀኑን እርግጠኝነት ነው፤ ያ ካልተገኘ አይሱዙው ይሻለዋል። በሚኤሶ በኩል የሚገበየው የምዕራብ ሐረርጌ ገበሬ ማሽላ ደግሞ እንደ ሽንኩርቱ ታጋሽ ነው፤ ከእርሱም ይበልጥ ይቆያል። ለግመል ወተት ቀዝቃዛ ማከማቻ ሳይኖር ስለ ባቡር ማውራት ጊዜ ማባከን ይመስለኛል።

ከወደብ የሚመጣውን ማዳበሪያም መርሳት አይገባም። ባቡሩ ማዳበሪያ ጭኖ ከጅቡቲ ሲወጣ የምሥራቅ ገበሬዎችን ደጃፍ አቋርጦ ያልፋል። ጥቂት ፉርጎዎች በመንገድ ላይ ባለ ጣቢያ ተለይተው ቢቀሩ የዚያ አካባቢ ድርሻ ወደ መሐል አገር ሄዶ በመኪና ከመመለስ ይድናል። ለዚህ የሚያስፈልገው ፉርጎ የሚቆምበት ተጨማሪ ሐዲድ፣ ከዝናብ የሚጠለል መጋዘንና ወደ ገጠሩ የሚያወጣ ጥርጊያ መንገድ ነው። የሚፈለገው ቁጥርም በየወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት መዝገብ ላይ አለ፤ በየዓመቱ የማዳበሪያ ፍላጎት ይሰበሰባልና። አቤቱታ ጸሐፊዎች ይህን ቁጥር ከፊርማው ጋር ቢያያይዙት ከሺህ ፊርማ ይልቅ ይናገርላቸዋል።

የቀድሞው ጠባብ ሐዲድ ጉዳይ አጭር ነው። በብዙ ቦታ ተነቅሏል፣ በከተሞች ውስጥ መንገድና ቤት ተሠርቶበታል። ድሬዳዋ ውስጥ የሚገኙት የጥገና አውደ ጥናቶችና አሮጌ ሞተሮች ለጎብኚ የሚታዩ ሀብት ናቸው፤ በጥቂት ኪሎ ሜትር የቱሪስት ጉዞ ማዘጋጀትም የማይሆን ነገር አይደለም። የገበሬውን ጭነት ግን ያ ሐዲድ ተመልሶ ይሸከማል ብሎ ተስፋ መስጠት ተገቢ አይመስለኝም።

ሕንፃዎቹ ግን ሌላ ናቸው። ስቶው ውስጥ የድሮው የጣቢያ ቤት ሊፈርስ ሲል የመንደሩ ሰዎች ተከራክረው አተረፉት፤ ታድሶም አሁን ተሳፋሪ ቡና የሚጠጣበት የማኅበረሰቡ ቤት ሆኗል። በእኛም መስመር የወፈረ የድንጋይ ግድግዳቸው ያልወደቀ የጣቢያ ቤቶች አሉ። አብዛኞቹ በከተማው መካከል፣ በገበያው አጠገብ ናቸው። የሽንኩርት ማድረቂያ፣ የማኅበር ጽሕፈት ቤት ወይም የእህል መጋዘን ለመሆን የባቡሩን መምጣት መጠበቅ የለባቸውም። ለዚህ የሚያስፈልገው የባለቤትነት ጥያቄውን መፍታትና የኪራይ ውል ነው፤ ይህንንም የከተማው አስተዳደርና የንብረቱ ባለቤት በአንድ ስብሰባ ሊነጋገሩበት ይችላሉ።

እንግዲህ የመቆሚያ አቤቱታ የሚያዘጋጅ ኮሚቴ ከፊርማው በፊት ሊሠራው የሚገባ ሥራ አለ። በገበያ ቀን ከከተማው ወደ አዳማና ወደ ድሬዳዋ የሚሄደውን ሰው በመናኸሪያው ቆሞ መቁጠር፣ የሚከፍለውን ዋጋ መመዝገብ፣ በየወሩ የሚወጣውን የምርት ኩንታል ከማኅበራት መሰብሰብ ነው። ይህን ሁለት ወጣቶች በአንድ የመከር ወቅት ሊጨርሱት ይችላሉ። የሚቀጥለው የጊዜ ሰሌዳ ከመውጣቱ በፊት ደግሞ ቁጥሩን ይዞ አዲስ አበባ መግባት ነው።